የማይጎዳ ምልክት ስም ያስፈልገዋልን?

በአገራችን ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ ከቀረው ቆዳ የተለየ ነገር ቢታይ አራስ ጠያቂዎች አብዛኛውን ጊዜ አይደነግጡም። «ማርያም ስማው ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ይህ አባባል የሚመሰገን ጎን አለው። ምልክቱን እንደ እርግማን ሳይሆን እንደ በረከት ስለሚቆጥረው ልጁ በገላው እያፈረ እንዳያድግ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለትም አለበት። ጥቁሩን ነጥብ፣ ከደም ሥሮች መብዛት የመጣውን ቀይ ምልክት፣ ከቆዳው ከፍ ብሎ የሚዳሰሰውን ጠጣር እብጠት፣ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በአንድ ስም የተጠሩ ነገሮች ደግሞ አንድ መስለው መታየታቸው አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ከእነዚህ ምልክቶች መካከል እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታየውን አንድ ዓይነት ነው። ይህ ምልክት የሚፈጠረው ቆዳችን ተለጥጦ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርጉት ተለጣጭ ክሮች በአንድ ስፍራ ከመጠን በላይ ሲበዙ ነው። አያምም። እንደ ቁስል አይመግልም። ወደ ካንሰር የሚለወጥ ነገርም አይደለም። ታዲያ ጉዳት የሌለውንና ብርቅ የሆነውን ነገር ማጥናት ምን ይጠቅመናል? ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ አጭር ነው። ምልክቱ ራሱ ባይጎዳም ምልክቱን አለማወቅ ግን ይጎዳል። ስለሆነም የማይጎዳ ምልክትም ቢሆን ትክክለኛ ስም ያስፈልገዋል እንላለን። ይህን አቋማችንን ለማስረዳት በመጀመሪያ ወደ ቆዳው ውስጥ ገባ ብለን እንመልከት።

ቆዳ በምን ይለጠጣል?

የእጃችንን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣት ይዘን ሳብ ካደረግን በኋላ ብንለቀው ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ሥራ የሚሠራው ከላይ የምናየው ስስ ሽፋን ሳይሆን ከሥሩ ያለው ወፍራሙ የቆዳ ክፍል ነው፤ ስሙም ደርሚስ ይባላል። ደርሚስ አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ከሚባሉት የሰውነታችን ክፍሎች አንዱ ነው። አያያዥ ኅብረ ሕዋስን ከሌሎቹ የሚለየው በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጥቂት ሆነው በሕዋሳቱ መካከል ያለው ቁስ ብዙ መሆኑ ነው። ይህንን ቁስ የሚያመርቱት ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት ናቸው።

ፋይብሮብላስቶች ከሚያመርቷቸው ክሮች መካከል ሁለቱን ለይተን እንያቸው። አንደኛው ኮላጅን ነው። ኮላጅን እንደ ጠፍር የጠነከረ፣ ቢጎትቱት በቀላሉ የማይበጠስ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይለጠጥ ክር ሲሆን ከደርሚስ ደረቅ ክብደት አብዛኛውን የሚይዘው እርሱ ነው። ሁለተኛው ተለጣጩ ክር ነው። መጠኑ ከደርሚስ ደረቅ ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም ያለ እርሱ ቆዳችን እንደ አሮጌ ከረጢት ተዘርጥጦ በቀረ ነበር። በትልልቅ የደም ቅዳዎችና በሳንባ ውስጥም ይኸው ክር በብዛት ይገኛል። ልብ በመታች ቁጥር የሚለጠጠውና የሚኮማተረው የደም ቅዳ ግድግዳ የሚሠራው በእርሱ ነው።

የተለጣጩ ክር አሠራር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በመጀመሪያ ፋይብሪሊን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ጅማቶች እንደ ሸማኔ ድር ይዘረጋሉ። በእነርሱ ላይ ትሮፖኤላስቲን የሚባሉ ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጮች ይደረደራሉ። ከዚያም መዳብን በውስጡ የያዘ ኤንዛይም ቁራጮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። በዚህ ጊዜ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ አራት አራት እየሆነ ይጣመርና ዴስሞሲን የሚባል ቋጠሮ ይፈጥራል። ቋጠሮው ክሩ በተለጠጠ ቁጥር ቁራጮቹ ተለያይተው እንዳይበታተኑ ይይዛቸዋል። ተጠናቆ የተሠራው ፕሮቲን ኤላስቲን ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የኤላስቲን ዕድሜ ነው። ሰውነታችን አብዛኛውን ኤላስቲን የሚሠራው ገና በማኅፀን ሳለንና በልጅነታችን ወራት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው እጅግ ጥቂት ነው፤ የተሠራውም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል። የሰባ ዓመት አዛውንት ቆዳ ውስጥ ካለው ኤላስቲን ብዙው በልጅነታቸው የተሠራው ነው ማለት እንችላለን። እንግዲህ በዚያ የግንባታ ዘመን አንድ ስፍራ ላይ ስሕተት ቢፈጠር ምልክቱ ከባለቤቱ ጋር ዘመኑን ሁሉ ሊኖር እንደሚችል መረዳት አያዳግትም።

ዐይን የማይለየው ልዩነት

ስለ ቆዳ የሚጽፉ ሊቃውንት በተወለድንበት ጊዜ ወይም በልጅነታችን የሚወጡትን እንዲህ ያሉ ምልክቶች «ኒቨስ» በሚል የላቲን መነሻ ባለው ስም ይጠሯቸዋል። ብዙዎቻችን ኒቨስ ሲባል ጥቁሩ ነጥብ ብቻ ይመስለናል። ቃሉ ግን ከዚያ ይሰፋል። የተለመደው የቆዳ አካል በአንድ ስፍራ ከተገቢው መጠን በዝቶ ወይም አንሶ ሲገኝ ኒቨስ ይባላል። እንግዳ ነገር የለበትም፤ የተዛባው ልኩ ብቻ ነው። አንድ ወጥ የምትሠራ ሴት የምትጨምረው ቅመም ሁሉ ትክክል ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ በእጥፍ ቢበዛ እንደሚሆነው ማለት ነው።

የአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ኒቨስ የሚባሉትም እንዲሁ በበዛው ነገር ይለያያሉ። ኮላጅን የበዛባቸው አሉ፤ ተለጣጭ ክሮች የበዙባቸው አሉ፤ በሕዋሳት መካከል ያለው ዝልግልግ ቁስ የበዛባቸውም አሉ። ተለጣጭ ክሮች የበዙበት ዓይነት ኤላስቶማ በመባል ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወራት በወገብ፣ በመቀመጫ፣ በጭን ወይም በክንድ ላይ ይወጣል። ጠጠር ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ተበታትነው ወይም ተጠጋግተው እንደ ሰሌዳ ይታያሉ። በእጅ ሲዳሰሱ ከሥራቸው ያለው ቆዳ መወፈሩ ይታወቃል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት ይህን ምልክት ቢጫማ ወይም የቆዳ መልክ ያለው ይሉታል። ይህን መግለጫ የጻፉት ግን በአመዛኙ ነጭ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የመረመሩ ሐኪሞች ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫነቱ ጎልቶ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ በመጽሐፍ ያነበበውን ቢጫ ቀለም ብቻ የሚፈልግ ዐይን ምልክቱን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በእኛ አገር የሚሠራ ሐኪም ከዐይኑ ይልቅ በጣቱ ቢታመን ይሻለዋል።

ዐይን መለየት ያቃተውን ማይክሮስኮፕ ይለየዋል ብለን ብንጠብቅ ደግሞ ሌላ መሰናክል ይገጥመናል። ከቆዳ የተወሰደ ናሙና በየቤተ ሙከራው በተለመዱት ሁለት ቀለሞች፣ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ተነክሮ ሲታይ ተለጣጭ ክሮች ከኮላጅኑ ተለይተው አይወጡም። ሁለቱም ሮዝ መልክ ይዘው ይቀላቀላሉ። በዚህ የተነሣ ናሙናውን ያየው ባለሙያ «ጤናማ ቆዳ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ባለሙያው አልዋሸም፤ የቀረበለት ጥያቄ ግን ጎደሎ ነበር። ክሮቹ ይታዩ ዘንድ በልዩ ቀለም መነከር አለባቸው። ካርል ቫይገርት እ.ኤ.አ. በ1898፣ ፍሬደሪክ ቨርሆፍ ደግሞ በ1908 ለዚህ የሚሆኑ ቀለሞችን አስተዋውቀዋል። በቨርሆፍ ቀለም ተለጣጮቹ ክሮች ጥቁር ሆነው ብቅ ይላሉ። በዚህ ጊዜ ጤናማ የተባለው ቆዳ በወፋፍራምና በተጠላለፉ ክሮች ተሞልቶ ይገኛል።

እነዚህ ቀለሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ምናልባት የበዛው ተለጣጩ ክር ይሆን?» ብሎ የሚጠረጥር ሰው ነው። አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ማንም ሐኪም አይፈልገውም። የመሰየም የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ ስም ያለው ነገር ይፈለጋል።

ከቆዳ እስከ አጥንት

የስም ሁለተኛው ጥቅም ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮችን ማገናኘቱ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በበርሊን ከተማ የተሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 አብርሃም ቡሽከ የተባሉ የቆዳ ሐኪምና ረዳታቸው ሄለነ ኦለንዶርፍ የአንዲት ሴት ታማሚን ሁኔታ ጽፈው አሳተሙ። ሴትዮዋ በቆዳዋ ላይ የተበታተኑ ትንንሽ እብጠቶች ነበሯት። በራጅ ሲታዩ ደግሞ አጥንቶቿ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተገኙ። ነጠብጣብ ያለበት አጥንት ከዚያ በፊትም በራጅ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ የቆዳው እብጠትም እንዲሁ። ሁለቱ ሐኪሞች ያደረጉት ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አይተው የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው ብሎ ማሰብ ነው። ዛሬ ሁኔታው በስማቸው የቡሽከ-ኦለንዶርፍ ሕመም ይባላል።

የሁለቱ ሐኪሞች የኋላ ሕይወት ያሳዝናል፤ ያስተምራልም። ሁለቱም አይሁዳውያን ነበሩ። ኦለንዶርፍ ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ዮርክ ሙያቸውን ቀጠሉ። በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ካንሰር በቆዳ ላይ ስለሚያሳያቸው ምልክቶች ባደረጉት ምርምር ስማቸው ከፍ ብሎ ይጠራል። ቡሽከ ግን በናዚዎች ተይዘው ወደ ቴሬዝየንሽታት ማጎሪያ ተወሰዱ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1943 ሕይወታቸው አለፈ። ሰውየውን ያጠፋ አገዛዝ ስማቸውን ሊያጠፋ አልቻለም፤ ስማቸው በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ሌሎችን እየጠበቀ ይኖራል።

ቆዳና አጥንት በምን ተገናኙ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ የተገኘው ከ76 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ሌም-ዲ-3 የተባለ ዘረመል በእነዚህ ሰዎች ላይ ተበላሽቶ እንደሚገኝ ደረሱበት። ከዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን በሕዋሱ ኒውክለስ የውስጠኛው ሽፋን ላይ ተቀምጦ እንደ ልጓም ያገለግላል። ቲጂኤፍ-ቤታ እና አጥንት አብቃይ ፕሮቲኖች የሚባሉት መልእክተኞች ለሕዋሱ «ሥራ፣ አምርት» የሚል ትእዛዝ ሲያስተላልፉ ትእዛዙ ከልክ እንዳያልፍ ይገታል። ልጓሙ ሲላላ ትእዛዙ ይበረታል። ፋይብሮብላስት ትእዛዙን ሲሰማ ክር ያበዛል፤ የአጥንት ሕዋስ ሲሰማ አጥንት ያጠነክራል። ያው አንዱ ስሕተት በቆዳ ላይ እብጠት፣ በአጥንት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

ይህ የዘረመል ለውጥ ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል። ከወላጆች አንዱ ቢኖርበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ግን አንዱ በቆዳው ብቻ፣ ሌላው በአጥንቱ ብቻ፣ ሦስተኛው በሁለቱም ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም የልጁን ጀርባ ያየ ሐኪም የእናቱን የእጅ ራጅ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እርግጥ ነው፣ ኤላስቶማ ያለበት ሰው ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። በአንድ ስፍራ ብቻ ወጥቶ ከዘር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ምልክትም አለ።

አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በአጥንት ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ሕመም የማይሰጡ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚገኙት በአጋጣሚ ነው። ሰውየው ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ራጅ ሲነሣ በእጁ፣ በእግሩ፣ በዳሌው አጥንቶች ጫፍ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተሰባስበው ይታያሉ። ይህን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ባለሙያ ምን ያስባል? ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት የተሠራጨ ነቀርሳም በራጅ ላይ እንዲህ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦችን ያሳያል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መገመት ቀላል ነው። ለታማሚው ካንሰር ተሠራጭቶብህ ይሆናል ይባላል። አንዱ ምርመራ ሌላውን ይጠራል። አጥንቱ ተሰርስሮ ናሙና ይወሰዳል። ቤተሰብ ያለውን ይሸጣል፤ እንቅልፍ ያጣል።

ሐኪሙ የሰውየውን ልብስ አስወልቆ ወገቡን ቢያይና ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረውን እብጠት ቢዳስስ፣ «ከወንድሞችህ እንዲህ ያለ ምልክት ያለው አለ?» ብሎም ቢጠይቅ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ነጠብጣቦቹ በግራና በቀኝ ተመጣጣኝ መሆናቸው፣ በመገጣጠሚያዎች አካባቢ መሰብሰባቸው፣ በአብዛኛው በሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በሚደረገው የአጥንት ምርመራ ላይ ጎልተው አለመታየታቸው ከካንሰሩ ይለዩዋቸዋል። የአጥንት ነጠብጣብ ያለበት ሰው ካንሰር አይዘውም ማለታችን አይደለም፤ እንደማንኛውም ሰው ሊይዘው ይችላል። የምንለው፣ ስሙን የሚያውቅ ሐኪም የሚጠይቀውን ያውቃል ነው።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ከላይ ኮላጅን የበዛባቸው ኒቨሶች እንዳሉ ጠቅሰናል። ከእነርሱ አንዱ በልጆች ወገብ አካባቢ የሚወጣው፣ ሲዳሰስ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ቱበረስ ስክለሮሲስ ከተባለ ሕመም ጋር አብሮ ይታያል። ሕመሙ በአንጎል፣ በኩላሊትና በልብ ውስጥ ዕጢዎችን ያበቅላል፤ በልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ሁለት ሕፃናት በወገባቸው ላይ የሚመሳሰል ሰሌዳ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡ አንደኛው ምንም ሕክምና ላያስፈልገው፣ ሌላኛው ግን አንጎሉና ኩላሊቱ በየጊዜው መታየት ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱንም «ማርያም ስማው ነው» ብለን ብንሸኛቸው የመጀመሪያው ምንም አይሆንም። ሁለተኛውን ግን በድለነዋል። ሁለቱንም አስፈራርተን ብንልካቸው ደግሞ የመጀመሪያውን ያለ ምክንያት አስጨንቀነዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የትኛው ክር በዛ የሚለው ነው።

«ቅድሚያ የሚሰጠው ሌላ ነው» ለሚሉ

በዚህ አቋማችን የማይስማሙ እንዳሉ እናውቃለን። ወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የምግብ እጥረት ባለበት አገር ከ20,000 ሰዎች አንዱን ብቻ እንደሚያገኝ ስለሚገመት የማይገድል ሁኔታ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉናል። ክርክሩ ክብደት ያለው ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። ውስን ገንዘብ ያለው ሆስፒታል ገንዘቡን ብዙ ሰው በሚያድን ነገር ላይ ሊያውል ይገባል፤ በዚህ አንከራከርም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንመልስ። አንደኛ፣ ብርቅ ማለት የለም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። በሌላው ዓለም የተገመተው መጠን በእኛም አገር ይሠራል ብለን ብናሰላ ከ5,000 በላይ ሰዎች ይህ ሁኔታ አለባቸው ማለት ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በየገጠሩና በየከተማው ያሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ስሙን ሳይሰሙ ያረጃሉ። ብርቅ የሚባሉት የተለያዩ ሁኔታዎች ሁሉ ቢደመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይልቃል።

ሁለተኛ፣ እኛ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ የሚያስወጣው አለማወቁ ነው። ያለ ምክንያት የሚደረግ የአጥንት ናሙና፣ ያለ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል መንከራተት፣ እነዚህ ናቸው ውድ የሚባሉት። ቆዳን በሚገባ ማየት፣ በጣት መዳሰስና ስለ ቤተሰብ መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍሉም።

በቆዳ ላይ የሚደረግ ቀላል ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ሥጋ ደዌን ከሌሎች የቆዳ ምልክቶች ለመለየት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ በጥጥ ቁራጭ የሚደረግ ነው። ባለሙያው ምልክቱን በጥጥ ይነካውና ታማሚው ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማው እንደሆነ ይጠይቀዋል። በሥጋ ደዌ የተጎዳ ቆዳ ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ተለጣጭ ክር የበዛበት ቆዳ ግን ይሰማዋል፤ ነርቮቹ ጤነኞች ናቸውና። ሥጋ ደዌ በሚፈራበትና ታማሚው በሚገለልበት ስፍራ አንዲት የጥጥ ቁራጭ ሰውን ከመገለል ልታድን ትችላለች። እንግዲህ ለይቶ የማወቅ ባህል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የምንጠይቀው ይኸው ባህል ሰፋ እንዲል ነው።

መሰየም መቁረጥ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ምልክት ሁሉ ይሰየም ማለታችን ምልክት ሁሉ ይወገድ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የትክክለኛ ስም ሦስተኛው ጥቅም ሰውን ከማያስፈልገው ሕክምና መከላከሉ ነው። ኤላስቶማ በመድኃኒት አይጠፋም፤ መጥፋትም አያስፈልገውም። በቅባት ቢታሽ ክሮቹ አይሟሟሉም፤ ያሉት በደርሚስ ውስጥ ነውና። በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በሚያቃጥል ነገር መቀባት ደግሞ ጉዳት በሌለበት ቦታ ጉዳት መፍጠር ነው። የማይጎዳው ምልክት ሄዶ የማይሽር ጠባሳ ይተካል። ለመልክ ሲባል በቀዶ ሕክምና ማስወጣት የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፤ ይሁን እንጂ በምትኩ ጠባሳ እንደሚቀርለት አውቆ ይወስን።

«ይህ ምልክትህ ኤላስቶማ ይባላል፤ አይጎዳህም፤ አጥንትህ በራጅ ቢታይ ነጠብጣብ ሊኖርበት ይችላል፤ ወደፊት ራጅ ለሚያነሡህ ሐኪሞች ይህን ንገራቸው» የሚል አንድ አንቀጽ በሕክምና ካርዱ ላይ የተጻፈለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠቀምበት መድኃኒት ተሰጥቶታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህ መድኃኒት ከውጭ አይገባም፤ ጊዜውም አያልፍበትም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው በየመስካቸው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች ስለ ኅብረ ሕዋስ ሲማሩ አያያዥ ኅብረ ሕዋስን ለፈተና እንደሚሸመደድ ዝርዝር ብቻ አይመልከቱት። ኮላጅንና ኤላስቲን በገዛ እጃቸው ቆዳ ላይ በየደቂቃው የሚሠሩ ናቸው። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎች አንድ ቀለም ለምን አንዱን ክር አጥቁሮ ሌላውን እንደሚተው ይመራመሩ። የቤተ ሙከራ ሳይንስ ተማሪዎች ናሙናው ጤናማ መስሎ ሲታያቸው «በዚህ ቀለም የማይታይ ነገር ይኖር ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይልመዱ። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ታማሚው የመጣበትን ብቻ ሳይሆን መላውን ቆዳ ማየትን፣ ከዚያም ስለ ቤተሰቡ መጠየቅን ይልመዱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና።

ወላጆችንም አንረሳቸውም። በልጅዎ ገላ ላይ ጠጠር ያለ፣ ከቆዳው ከፍ ያለና እየቆየ የበዛ ምልክት ካዩ አይደንግጡ። አይደብቁትም። በተለይ ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበት ወይም እንዲህ ያለ ምልክት በቤተሰብ ውስጥ ከታየ ለሐኪም ያሳዩት። የሐኪሙ መልስ «ምንም አይደለም» ቢሆን እንኳ «ምንም አይደለም» ያሉትን ነገር ስሙን ይጠይቁ።

ማርያም ስማው የሚለውን የእናቶቻችንን አነጋገር ማንም እንዲተወው አንፈልግም። ልጁ በገላው እንዳያፍር የሚያደርግ ቃል በሆስፒታል መድኃኒት ቤት አይገኝም። የእኛ ምኞት ከዚያ ቃል ጎን ሌላ ቃል እንዲቆም ነው። አንደኛው ለልጁ ፍቅርን ይናገራል፤ ሌላኛው ለሐኪሙ እውቀትን። ልጁ ሁለቱም ይገባዋል።